ሮብ የተባለው በያጅ

በዚያ ዘመን፣ ገበሬው በማኅበር ተደራጅቶ በጋራ በሚያርስበትና ሩዝ የሚባለው እህል ለፎገራ ሰው ገና እንግዳ በነበረበት ጊዜ፣ ወረታ ውስጥ ብረት የተሰበረበት ሰው ሁሉ እግሩ የሚመራው ወደ አያ መንግሥቴ ደጅ ነበር። የጭነት መኪና ሻንሲ ቢሰነጠቅ፣ የወፍጮ ዘንግ ቢሰበር፣ የደብሩ ደወል ከማንጠልጠያው ቢላቀቅ፣ «መንግሥቴ ያውቅበታል» ይባላል። እሳቸውም ምስጋና ሲዘንብባቸው ጥላ የሚዘረጉ ሰው አልነበሩም። ብየዳን የተማሩት በጉብዝናቸው ወራት ጎንደር፣ አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ብረት አዲስ ነገር የሚነግራቸው ሰው ይወለዳል ብለው አያምኑም።

በጥቅምት ወር የሩዝ አምራቾቹ ማኅበር ከጉማራ ወንዝ እስከ ችግኝ መደቡ የብረት ቱቦ ሊዘረጋ ተነሣ። በክረምት ሜዳው ባሕር ይሆናል፤ በበጋ ደግሞ ያው ሜዳ ተሰነጣጥቆ የጥጃ እግር ይውጣል። ወንዙን በሞተር ስቦ በቱቦ ማምጣት ማለት በዓመት ሁለት ጊዜ ማጨድ ማለት ነበር። ቱቦዎቹን እየገጠሙ እንዲበይዱ የተጠሩትም አያ መንግሥቴ ናቸው።

ስለዚህ አንድ ማለዳ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ይታይሽ ጋር የፈረስ ጋሪ ተሳፍረው ሲወጡ፣ የደብረ ታቦር መገንጠያ ላይ ሰማያዊ ቱታ የለበሰች ልጅ እግር ሴት ትልቅ የእንጨት ሣጥን ላይ ተቀምጣ አገኙ። ልጅቱ ጋሪውን ስታይ ተነሥታ እጅ ነሣች።

«እንደምን አደሩ፣ አያ። ወደ ጉማራ ከሆነ የሚሄዱት፣ እኔንም ዕቃዬንም ቢያሳፍሩኝ? ከጎንደር የመጣሁበት መኪና እዚህ አውርዶኝ ወደ ደብረ ታቦር ታጠፈ።»

«ዕቃው ምንድን ነው ልጄ?» አሉ አያ መንግሥቴ።

«መኪና ነው። የተለያዩትን ነገሮች በራሱ የሚያያይዝ መኪና።»

አያ መንግሥቴ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። መኪና፣ የሚያያይዝ፣ ባለቤቷም ሴት፤ የልብስ ስፌት መኪና መሆኑ ነው። ከባለጋሪው ጋር ሆነው ሣጥኑን እያቃሰቱ ጫኑላትና መንገድ ሲጀምሩ ምክር ያዘንቡባት ጀመር። የፎገራ ገበሬ ሱሪ ሲለካ ትንፋሹን ስለሚይዝ ወገቡን ሰፋ አድርጋ እንድትቆርጥ፣ ክርን ከእርጥበት እንድትጠብቅ፣ ለካህናት ቀሚስ ስትሰፋ ኪሱን ጥልቅ እንድታደርግ ነገሯት። ልጅቱ ሁለት ሦስት ጊዜ «አያ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ዕቃ እንኳ…» ብላ ጀመረች፤ ግን ምክር የጀመረ ሽማግሌን ማቋረጥ የጎርፍ ውኃን በእጅ እንደ መመለስ ነው። ወይዘሮ ይታይሽ ብቻ ሣጥኑን ዞር እያሉ ያዩ ነበር።

«ይህን የሚያህል የስፌት መኪና» አሉ በመጨረሻ፣ «ዝሆን ነው እንዴ የምታለብሰው?»

ነገሩ የተገለጠው ጉማራ ሲደርሱ ነው። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ አዛናው አዲስ ካኪያቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን ዘርግተው መጡና አያ መንግሥቴን አልፈው ልጅቱን ጨበጡ። ሸዋዓለም ትባል ነበር፤ ከአገር ውጭ ተልካ የብየዳ ቴክኒክ ተምራ የተመለሰች ናት። ከሣጥኑ የወጣውም መርፌና ክር የሌለው፣ መንኮራኩር ያለው፣ ሽቦ የተጠቀለለበት የብረት ፍጥረት ነበር። ቱቦው ላይ ቀለበት ይታሰርለታል፤ በቀለበቱ ላይ እንደ ሸረሪት እየዳኸ ቱቦውን ዙሪያውን ይበይዳል። አያ መንግሥቴ ወገባቸው እስኪሰበር ድረስ ተሸክመው የጫኑት ባላንጣቸውን ኖሯል።

«ስሙ ማነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ሮቦት ይባላል፣ አያ።»

«ሮብ?»

«ሮቦት።»

«ሮብ ከሆነ መቼም ይጾማል» አሉ አያ መንግሥቴ ዙሪያውን ለቆሙት ገበሬዎች። ገበሬዎቹ ሳቁ፤ ዕቃውም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በፎገራ ሜዳ ሌላ ስም አላገኘም።

ጓድ አዛናው ማንንም ማስቀየም ስላልፈለጉ እንዲህ ሲሉ ወሰኑ፤ አያ መንግሥቴ ከወንዙ ወገን ይጀምሩ፣ ሮብ ከማሳው ወገን ይጀምር፣ መሐል ላይ ይገናኙ። ውድድር አይደለም ብለው ደጋግመው አስጠነቀቁ፤ ስለዚህም ሁሉም ሰው ውድድር መሆኑን ተረዳ።

መጀመሪያ ላይ የቀናው ለአያ መንግሥቴ ነበር። ሮብ ሁሉ ነገር ካልተመቻቸለት አይሠራም። ቱቦው ላይ ጭቃ ካለ ይቆማል፤ ነፋስ ሲነፍስ መጋረጃ ይፈልጋል፤ የቱቦዎቹ ጫፍ ተስተካክሎ ካልተሞረደ ቀይ መብራት አብርቶ እንደ ተቆጣ በቅሎ አልነቃነቅም ይላል። ሸዋዓለም በፊቱ ተንበርክካ ስትጠርግና ስታስተካክል ባዩ ቁጥር አያ መንግሥቴ ለሮብ ጤና ይጠይቁ ነበር። «ዛሬስ እንዴት አደረ? ምግብ ቀመሰ?» ይላሉ። እሷም ሳትቀየም፣ «ደኅና ነው አያ፣ አፍንጫው ላይ አፈር ገብቶበት ነው» ትላለች።

በእሳቸው ወገን ደግሞ ሥራው የሚሠራው በዚህ ሁኔታ ነበር። አያ መንግሥቴ ጭምብላቸውን አጥልቀው ይቀመጣሉ፤ ወይዘሮ ይታይሽም ሌላ አሮጌ ጭምብል አጥልቀው ከቱቦው ማዶ ይቀመጣሉ። ለጠየቀ ሰው ሁሉ፣ ለመበየጃ የሚቀልጠውን ኤሌክትሮድ ለማቀበል ነው የመጣችው ይባላል። እሳቱ ሲጫር ግን ከጭምብሉ ሥር እንዲህ የሚል ሹክሹክታ ይሰማ ነበር፦ «ወደ ግራ… ሄድክ፣ ሄድክ፣ መለስ በል… እዚያች ላይ ትንሽ ቆይ… አሁን ሳብ።» ወይዘሮ ይታይሽ በአደባባይ ባላቸውን «አንቱ» እንጂ «አንተ» ብለው አያውቁም። ጭምብል ሲያጠልቁ ግን ለአክብሮት ጊዜ የለም፤ ብረት ይቀልጣል።

ነገሩ ይህ ነው፤ የአያ መንግሥቴ ዓይን ደክሞ ነበር። ብርሃኑ ይታያቸዋል፤ በሁለቱ ቱቦዎች መካከል ያለችው ቀጭን መስመር ግን አትታያቸውም። ይህን ከባልና ሚስቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ወይዘሮ ይታይሽ አንድ ቀን ለቅሶ ሲሄዱ፣ አያ መንግሥቴ ኤሌክትሮዱ እርጥበት ገብቶታል ብለው ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ሲያገላብጡት ዋሉ። ሸዋዓለም ይህን ከሩቅ አየች፤ ግን ምንም አላለችም።

ምሳ የሚበላው ወንዙ ዳር ካለው ዋርካ ጥላ ሥር ነበር። አንድ ቀን አያ መንግሥቴ ጎርሰው ውኃቸውን ከጠጡ በኋላ፣ ይህን ክርክር ዛሬ ልጨርሰው ብለው ተመቻችተው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይህ ሮብሽ ያፍራል?»

«አያፍርም፣ አያ።»

«እንግዲያውስ ደግ ሥራ አይሠራም። እኔ ስበይድ፣ ነገ ቢያፈስ ሰው ምን ይለኛል እላለሁ። እጄን የሚያቀናው ያ ነው። የማያፍር በያጅ ልክ እንደማያፍር ሙሽራ ነው፤ ቤት አያቆምም።»

«እውነትዎን ነው» አለች ሸዋዓለም። «ኀፍረት ሰውን ያተጋዋል። ግን አያ፣ ኀፍረት ሌላም ሥራ አለው። ሰው ደክሞት ሳለ አልደከመኝም፣ ታሞ ሳለ አልታመምኩም የሚለው አፍሮ ነው። ይህ ዕቃ አቅቶት እንደሆነ መብራቱን አብርቶ ይቆማል። አቃተኝ ማለትን አይፈራም። እኔ ከሮብ የወደድኩት ይህን ነው።»

ወይዘሮ ይታይሽ በዚህ ጊዜ ሳህኖቹን ለመሰብሰብ ድንገት ቸኮሉ። አያ መንግሥቴ ግን የክርክሩን መንገድ ለወጡ።

«ይሁን። ዓይን ሳይኖረው መንገዱን በምን ያገኛል?»

«ፊት ለፊቱ ላይ ያቺን ቀጭን ዘንግ አይተዋል? በሁለቱ ቱቦዎች መሐል ያለውን ስንጥቅ እየዳሰሰች ትሄዳለች። ስንጥቁ ወደ ግራ ካለ ትነግረዋለች፤ ወደ ግራ ይላል። ዓይነ ስውር በበትሩ መንገዱን እየዳሰሰ እንደሚሄድ ማለት ነው።»

ምሳሌው ለሮብ የተነገረ ቢሆንም አያ መንግሥቴን ወጋቸው። «ዓይነ ስውር ነው በይኛ» አሉና ወደ ወንዙ ተመለከቱ። ከዚያም እውነተኛውን ነገር አወጡት። «ዛሬ ቱቦ በየደ። ነገ ወረታ ገብቶ ሱቅ ቢከፍት፣ የእኔን ደጅ ማን ያንኳኳል?»

«አይከፍትም፣ አያ። እሱ የሚያውቀው ክብ ቱቦ ብቻ ነው። ሻንሲ አምጥተው ቢሰጡት አያውቀውም፤ ደወል ቢሰጡት አያውቀውም። አንድ ዓይነት ሥራ፣ እየደጋገሙ፣ በሚያደክም ቦታ፣ ለዚያ ነው የተሠራው። ሰው ወገቡን የሚያጣበትን ሥራ ለእሱ ሰጥቶ፣ አእምሮ የሚጠይቀውን ለራሱ እንዲያስቀር ነው።»

ይህን ጊዜ ወይዘሮ ይታይሽ ሳህኑን አስቀምጠው መለስ አሉ። እሳቸው በወንዶች ክርክር ብዙ አይገቡም፤ ሲገቡ ግን በሩን አስፍተው ነው።

«አንቱ፣ የወፍጮውን ጊዜ ረሱት እንዴ?» አሉ። «የሞተር ወፍጮ ወረታ የገባ ጊዜ መሪጌታ አድማሴ፣ በሞተር የተፈጨ ዱቄት አንጀት ያቃጥላል፣ የእጅ ሙያም ያጠፋል ብለው አልተከራከሩም? ድንጋይ የሚገፋው የሴት ወገብ ነውና ሞተሩ ይግፋ፣ ወገቡ ይረፍ ብሎ የመለሰላቸው ማን ነበር?»

«እኔ ነበርኩ» አሉ አያ መንግሥቴ፣ ደስ ሳይላቸው።

«ታዲያ?»

«ያ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ?»

አያ መንግሥቴ ቢያስቡ ቢያስቡ ያ የሌላ ሰው ወገብ ነበር ከማለት በቀር መልስ አላገኙም፤ ይህም ጮክ ብለው ሊናገሩት የሚያስደስት መልስ አልነበረም። የሰው ልጅ ነገሩ እንዲህ ነው። ሥልጣኔ የጎረቤቱን ሸክም ሲያወርድ ያጨበጭባል፤ ወደ ራሱ ሙያ ሲመጣ ግን ሃይማኖት ተነካ ይላል። ተነሥተው «ብረቱ ይቀዘቅዛል» ብለው ሄዱ፤ ብረቱ ግን ገና አልሞቀም ነበር።

ሁለቱ ወገኖች መሐል ላይ ሲገናኙ የውኃ ሙከራ ሆነ። ሰው ከየቀበሌው ተጠርቶ ተሰበሰበ፤ ላሞችም ሳይጠሩ መጡ። ሞተሩ ተነሥቶ ውኃው እስኪመጣ ጓድ አዛናው ቱቦው አጠገብ፣ በአያ መንግሥቴ ወገን ካለው መገጣጠሚያ ፊት ቆመው ንግግር ያደርጉ ጀመር። ስለ ምርት ተናገሩ፣ ስለ ኋላ ቀርነት ተናገሩ፣ በመጨረሻም ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን ብለው ክንዳቸውን ሲያነሡ፣ ከቱቦው ሆድ ሥር ውኃው ፈንድቶ ከጉልበታቸው ጀምሮ እስከ ፊታቸው አጠባቸው። ጓድ አዛናው ልምድ ያላቸው ተናጋሪ ስለነበሩ ንግግሩን አላቋረጡም፤ ብቻ ከፊታቸው ላይ ውኃውን እየጠረጉ፣ ይህም የትግሉ አካል መሆኑን ገለጹ። አንዲት ጊደር ቀረብ ብላ ከካኪያቸው የሚንጠባጠበውን መላስ ስትጀምር ግን ሕዝቡ መታገስ አልቻለም።

ከላይና ከጎን የአያ መንግሥቴ ብየዳ እንከን አልነበረውም። ያፈሰሰው ሁሉ ከሆዱ ነው፤ ማለትም ሰው ጀርባው ላይ ተኝቶ ወደ ላይ የሚበይደው፣ ወይዘሮ ይታይሽም ከማዶ ሆነው ሊያዩት የማይችሉት ቦታ ነው። ከሮብ ወገንም አንዱ መገጣጠሚያ ላብ ላብ ብሎት ነበር። ሸዋዓለም ሄዳ በጠመኔ ምልክት አደረገችበትና፣ «እዚህ ላይ ነፋሱን በደንብ አልከለልኩለትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይደገማል» አለች። አያ መንግሥቴ ግን መጀመሪያ በኤሌክትሮዱ አሳበቡ፣ ቀጥለው በቱቦው፣ ቀጥለው በሰው ዓይን። ሦስቱም ተከሳሾች አልመለሱላቸውም።

በማግስቱ ማንም ሳያግዛቸው ሊደግሙት ተነሡ። የፈሰሰው ውኃ ከቱቦው ሥር ያለውን መሬት አርሶት ነበር፤ የፎገራን ጥቁር ጭቃ ለሚያውቅ ሰው ይህ ብቻ ይበቃል። አያ መንግሥቴ በጀርባቸው ተንሸራትተው ገቡ። ወይዘሮ ይታይሽ ከጎን ተንበርክከው ሊመሯቸው ቢሞክሩ፣ ጭምብሉ ቱቦውን እየነካ አላስቀርብ አላቸው። «ወዴት ነው?» ይላሉ ከሥር፤ «አይታየኝም» ይላሉ ከላይ። በመጨረሻ ወይዘሮዋ ጭምብሉን ገፍተው ራሳቸውን ወደ ቱቦው ሥር አስገቡ፤ «እዚያው ነህ፣ ቀጥል» አሉ። እሳቱም ባልተሸፈነ ፊታቸው ላይ በራ።

ሥራው አልቆ አያ መንግሥቴ ሊነሡ ሲሉ ጭቃው አልለቅም አለ። በግራ ቢሞክሩ ሰመጡ፣ በቀኝ ቢሞክሩ ባሰ። ገበሬዎች መጥተው ቢጎትቷቸው እጃቸው ብቻ የሚረዝም መሰለ። በመጨረሻ ጥንድ በሬ መጣ፤ በብብታቸው ሥር ገመድ ታሰረና ባለ በሬው በእርሻ ድምፅ «ና! ሳብ!» ሲል፣ የወረታው ታዋቂ በያጅ እንደ ድንች ከመሬት ተነቅለው ወጡ። ጫማቸው ግን እዚያው ቀረ። ውኃው ሲለቀቅም መገጣጠሚያው እንደ ቀድሞው አፈሰሰ።

ይህ ሁሉ የሚያስቅ ነበር። የማያስቀው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በነጋው ጎህ ሲቀድ አያ መንግሥቴ ሚስታቸው አልጋው ላይ ቁጭ ብለው፣ ዓይናቸውን በእርጥብ ጨርቅ ይዘው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ሲወዛወዙ አገኟቸው።

«ምን ሆንሽ?»

«አሸዋ የገባበት ይመስለኛል። መግለጥ አቃተኝ። ይተወኛል፤ ዛሬ ብቻ ጠንከር ብሎ ነው።»

«ዛሬ ብቻ ማለት ምን ማለት ነው? ከዚህ በፊትም ነበር?»

ወይዘሮ ይታይሽ ቀስ ብለው፣ አሮጌው ጭምብል መስተዋቱ ከተሰነጠቀ መቆየቱን፣ ብዙ ጊዜ ሥራ ከዋሉ በኋላ ዓይናቸው እንደሚያለቅስ፣ ወተት እያደረጉበት እንደሚያድሩ ተናገሩ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርዎት ሥራውን ይተዉታል። ሥራውን ከተዉት ደግሞ ምን እንደሚሆኑ አውቃለሁ። አፈርኩልዎት።»

አያ መንግሥቴ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጡ። ያፈሩት እሳቸው፣ የተቃጠለው የሚስታቸው ዓይን፤ ሸዋዓለም ከዋርካው ሥር ስለ ኀፍረት ያለችው ያን ጊዜ ገባቸው። ሚስታቸውን እጃቸውን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱ። የጤና ረዳቱም ወተት እንዳይነካው፣ ዓይናቸውን ሸፍነው ጨለማ ቤት እንዲያርፉና ከእንግዲህ ያንን ብርሃን እንዳያዩ አዘዘ። አያ መንግሥቴ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጉማራ ሄዱ።

ሸዋዓለም ቱቦው ላይ ቀለበቱን ስታስር ደረሱባት። ምንም መግቢያ ሳያበጁ ተናገሩ።

«ልጄ፣ ዓይኔ ከደከመ ቆይቷል። የምታይልኝ ይታይሽ ነበረች። አሁን እሷንም ልጨርሳት ነው።»

«አውቅ ነበር፣ አያ» አለች ሸዋዓለም፣ ሥራዋን አቁማ። «እትዬ ለቅሶ ከሄዱበት ቀን ጀምሮ።»

«አውቀሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«እኔ ብናገረው ይዋረዱበታል፤ እርስዎ ቢናገሩት ግን ይድኑበታል ብዬ ነው። ዛሬ ግን ዝም ማለቴ ልክ እንዳልነበረ አየሁ። የእትዬን ዓይን አላሰብኩም። ይቅር ይበሉኝ።»

አያ መንግሥቴ እጃቸውን አወዛወዙ፤ ይቅርታውን ተቀበሉ ማለት ነው። «እንግዲህ እኔ አበቃሁ» አሉ።

«ማን አለዎት? ይልቅ ነገሩን እንየው። ሮብ እርስዎን ሊተካ አልመጣም። ሮብ የሚተካው እትዬ ይታይሽን ነው። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ እዚህ ላይ ቆይ የሚሉት እሳቸው አልነበሩም? ያቺ የምትዳስሰው ዘንግ የምትሠራው ይህንኑ ነው። ብቻ የእሷ ዓይን አይቃጠልም፤ ከቱቦው ሥር ለመግባትም በሬ አያስፈልጋትም። ቱቦዎቹን አስተካክሎ መግጠም፣ ጫፋቸውን መሞረድ፣ ብረቱ በበቂ መሞቁን ማወቅ፣ ይህ ሁሉ የእርስዎ እጅ ነው። እኔ ስንት ጊዜ ጫፉን አበላሽቼ ሮብ እንደቆመብኝ አይተው ስቀውብኝ የለም?»

«ስቄያለሁ» አሉ አያ መንግሥቴ። ግን አንዲት የቀረች ኩራት ነበረቻቸው። «ዕድሜ ልኬን የሠራሁ ሰው፣ በመጨረሻ ዕቃ መራው ልባል?»

«እስከ ዛሬስ ሚስት ሲመራዎት አልነበረም?»

አያ መንግሥቴ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ከዚያም ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሸዋዓለም የሚያለቅሱ መስሏት ደነገጠች። ሳቅ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው በአንድ ወገን ብቻ ሄደ። አያ መንግሥቴ የቱቦዎቹን ጫፍ በጣታቸው እየዳሰሱ ሞረዱ፤ ለዚህ ዓይን አያስፈልግም። ሸዋዓለም ቀለበቱን አሰረች፣ መጋረጃውን ዘረጋች። ሮብ ዘንጉን ቀስሮ ከቱቦው ራስ ጀምሮ፣ በጎኑ ወርዶ፣ ጭቃው ሥር በሆዱ አልፎ፣ በሌላው ጎን ወጣ። ሽማግሌው ከመጋረጃው ውጭ ቆመው ድምፁን ያዳምጣሉ፤ መንጫጫት ሲያበዛ «ፍጥነቱን ቀንሺለት» ይሏታል፤ እሷም አንዳንዴ ትቀንሳለች፣ አንዳንዴ ደግሞ መለኪያውን አይታ «የለም አያ፣ ልክ ነው» ትላለች፤ እሳቸውም ይቀበላሉ። ውኃው በድጋሚ ሲለቀቅ አንድም ጠብታ አልፈሰሰም። ጓድ አዛናው ለጥንቃቄ ንግግራቸውን ከሩቅ ጉብታ ላይ ሆነው አደረጉ።

ያን በጋ በጉማራ ዳር ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ ከረመ። ከብቱ ውኃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ ቀረለት፤ ሴቶቹም እንስራ አዝለው ገደሉን መውጣት አቆሙ። የወይዘሮ ይታይሽ ዓይን ዳነ፤ የተሰነጠቀውን ጭምብል ለዶሮ ማስፈልፈያ ክዳን አደረጉት። አያ መንግሥቴም አውቶቡስ ተሳፍረው ጎንደር ሆስፒታል ሄዱ፤ መነጽር ተደረገላቸው። ሸዋዓለምም ወደ ሌላ ሥራ ከመሄዷ በፊት የማኅበሩን ወጣቶች ሮብን ማሠራት አስተማረች፤ የቱቦ አገጣጠሙን ያስተማሯቸው አያ መንግሥቴ ናቸው።

አዲስ አማኝ ግን ከቄስ ይብሳል። አያ መንግሥቴ በየማኅበሩ፣ በየሰርጉ፣ በየተዝካሩ ስለ ሮብ ይሰብኩ ጀመር። ሰው እጁን ታጥቦ ሳይቀመጥ ይጀምራሉ። አዲስ መሣሪያ ሲመጣ መጠየቅ ያለበት «ማንን ያባርራል?» ሳይሆን «የማንን ወገብ ያሳርፋል?» ነው ይላሉ። ሰው አቅሙ ያለቀበትን ቦታ ቢናገር እርዳታ እንደሚያገኝ፣ ቢደብቅ ግን የሚወደውን ሰው እንደሚጎዳ፣ ልጆች፣ ወንድም ሴትም፣ ቴክኒክ ቢማሩ አገር እንደሚጠቀም ያብራራሉ። አንድ ጊዜ በሚካኤል ማኅበር ላይ መሪጌታ አድማሴ መታገስ አቃታቸው።

«ይህ ሰው» አሉ ለማኅበርተኛው፣ «ድሮ የሚበይደው ብረት ነበር። አሁን የሰው ጆሮ ይበይዳል።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አያ መንግሥቴም ሳቁ፤ ግን ስብከታቸውን አላቆሙም።

ማኅበሩ ተበትኖ ሁሉም ወደየቤቱ ሲሄድ፣ መሪጌታ ወደ ኋላ ቀሩ። በእጃቸው ዳዊታቸውን ይዘው፣ መንገዱ ላይ ማንም አለመኖሩን ግራ ቀኝ አዩ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ፊደሉ ከጠፋባቸው ብዙ ጊዜ እንደሆነ፣ ገጹን የሚገልጡት ለሰው እይታ ብቻ እንደሆነና የሚደግሙት በቃላቸው መሆኑን ነገሯቸው።

«ያ የጎንደሩ የመነጽር ሐኪም» አሉ በመጨረሻ፣ «ካህንም ያያል?»

አያ መንግሥቴ የሚሰብኩት ብዙ ነገር በአፋቸው ሞልቶ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጡት።

«ያያል፣ መሪጌታ» አሉ። «ነገ አብረን እንሂድ።»